የተነከሰው ጎማ

ውድ ጋሽ እርሳስ፣

ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት የማውቃቸውን ቀኖች በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። እንዲህ ካላደረግሁ ወደ ጉዳዩ ሳልገባ ይቅርታ መጠየቅ እንደምጀምር ራሴን አውቃለሁ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ የካቲት 11 ቀን፣ እርስዎ በአባቴ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ሥራ ጀመሩ።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር 3 ቀን፣ የመጀመሪያውን ሥዕል ሣሉ። የፍሬን ፓምፕ ነው። ቀኑ ከታች በቀኝ በኩል በእርስዎ እጅ ተጽፏል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ደብተሩ በሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ሥዕል ተጠናቀቀ።

በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 9 ቀን፣ ደብተሩ በአርባ ቅጂ ተባዝቶ፣ ሽፋን ተሠርቶለት ተጠረዘ።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 28 ቀን፣ እርስዎ ሥራ ለቀው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ።

በዚህ ዓመት፣ ጥር 21 ቀን፣ አንድ መካኒክ ከአባቴ የገዛውን ጎማ ፎርጅድ ነው ብሎ መለሰ።

እስከዚህ ያለው በሰነድ ወይም በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ከዚህ በኋላ ያለው በከፊል ግምቴ፣ በከፊል ደግሞ ጥፋቴ ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ በየቦታው ለመለየት እሞክራለሁ።

መካኒኩን አያውቁትም። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ከሱቁ ጀርባ ጋራዥ የከፈተ፣ ቆብ ከራሱ የማይወርድ ሰው ነው። ቀኑ ቅዳሜ ስለነበር እኔም ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቢሮዬን ዘግቼ አባቴ ዘንድ መቀመጥ ልማዴ ሆኗል። መካኒኩ አንዲት የጭስ ማውጫ ማርሚታ ማንጠልጠያ ጎማ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

“ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ይቺ ፎርጅድ ናት።”

አባቴ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ጎማዋን አየ፤ ቀጥሎ ሰውየውን አየ። “ምኗ ነው ፎርጅድ?”

“ንክሻ የላትማ።”

“ምን የላትም?”

“ንክሻ። ኦሪጅናሏ ይቺውልዎት።” ከኪሱ በላስቲክ የታሸገች ሌላ ጎማ አወጣ። ጠርዟ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጎድላለች። “እዚህ ጋ ያዩታል? ማርሚታው ሲግል ጎማዋ መላወሻ እንድታገኝ ተብሎ ነው።”

“ተብሎ? ማን ብሎ?”

“ይታወቃል እኮ ጋሼ። ካታሎጉም ላይ ‘የተነከሰ የማርሚታ ጎማ’ ነው የሚላት።”

አባቴ ሳቀ ብል ትክክለኛ መግለጫ አይሆንም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ድምፅ ሳይወጣው ትከሻው ብቻ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። መካኒኩ ሽማግሌውን ያመመው መስሎት ውኃ ፍለጋ ሄደ።

ለእርስዎ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም ነበር። ነገር ግን ደብዳቤውን እህትዎም ሊያነቡት ስለሚችሉ ልጻፈው። በእኛ ሱቅ ለናሙና የተቀመጠ ዕቃ ተሳስቶ እንዳይሸጥ ምልክት ይደረግበት ነበር። ብረት ከሆነ ቀይ ቀለም ይቀባል። ጎማ ግን ቀለም ስለማይዝ አባቴ ጠርዙን በቢላዋ ይቆርጠውና “ነክሼዋለሁ” ይል ነበር። የተነከሰ ዕቃ ለማንም አይሸጥም፤ ይህ የሱቁ የማይሻር ደንብ ነበር። እርስዎ ደግሞ የሚያዩትን እንጂ የሚያውቁትን አይሥሉም። ናሙናው ተነክሶ ስለቀረበልዎ ንክሻውንም ሣሉት፤ እኛ ናሙና መሆኑን እንድናውቅ ከሥሩ “የተነከሰ” ብለው ጻፉበት።

በኋላ እንደሰማሁት፣ ከአርባዎቹ ቅጂዎች አንዱ ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ሲዞር አንድ ትልቅ መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት እጅ ገባ። ድርጅቱ ሥዕሎቹን እንዳሉ በካታሎጉ አተማቸው። ያቺን ጎማ ገበያ ላይ ባጣት ጊዜም ሥዕሉን ለፋብሪካ ላከ። ፋብሪካው የታዘዘውን ሠራ። አሥር ሺህ ጎማ፣ ሁሉም ተነክሰው የተወለዱ።

አባቴ ሳቁን ሲጨርስ ተቆጣ።

“ጎማዬን ሰረቁኝ” አለ።

“ጎማው ያንተ አይደለም አባዬ።”

“የኔ ካልሆነ የማን ነው?”

“የማንም። ሥራው ራሱ የሚያስገድደውን ቅርጽ የቅጂ መብት አይጠብቀውም። የመለዋወጫ ዕቃ ማንም ሠርቶ መሸጥ ይችላል። አንተም ስትሸጥ የኖርከው በዚሁ ምክንያት ነው።”

“ቁጥሮቹስ? የቱ ለየቱ መኪና እንደሚሆን እኔ አይደለሁም እየገጠምኩ እየነቀልኩ ያገኘሁት?”

“እሱ መረጃ ነው። መረጃ ለብቻው ባለቤት የለውም። አመራረጥህና አደራደርህ ጥበቃ ያገኝ ይሆናል፤ ያከራክራል።”

“ይሆናል፣ ያከራክራል። አምስት ዓመት ሙሉ የተማርሽው ይሄንን ነው?”

“ሥዕሎቹ ግን አያከራክሩም። ሥዕል ያለ ጥርጥር ጥበቃ አለው።”

ይህን ስል ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጎማዋን በጣቶቹ መሐል ማሽከርከር ጀመረ። “ሥዕሎቹንማ እኔ አልሣልኳቸውም” አለ በመጨረሻ። “እርሳስ ነው የሣላቸው።” ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “ስሙ ሽፋኑ ላይ ለምን እንዳልወጣ እስከዛሬ ገብቶኝ አያውቅም። አልፈልግም ብሎ ይሆን?”

“እኔ እንጃ” አልኩ።

ጋሽ እርሳስ፣ ያ መልስ ሐሰት ነበር። ለምን እንዳልወጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሕግ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ በግንቦት የመጀመሪያ ሳምንት ደብተሩን ሰጥቶኝ “ሽፋን ሥሪለት” አለኝ። ያለው ይህን ብቻ ነው። የማንን ስም እንደምጽፍ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጬ ርዕሱን ጻፍኩ፤ ከሥሩ “አዘጋጅ” ብዬ የአባቴን ስም አስከተልኩ። ለሁለተኛ ስም የሚሆን ቦታ ነበረ። ረስቼው አልነበረም፤ አስቤበት ነው የተውኩት። በዚያው ሳምንት የቅጂ መብት መምህራችን ተቀጣሪ በሥራው አጋጣሚ የሚሠራው ነገር ጥቅሙ የአሠሪው እንደሚሆን አስተምረውን ነበር። እርስዎ ተቀጣሪ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ። አዲስ ያወቅሁትን ሕግ በገዛ ቤቴ ላይ ተግባራዊ ማድረጌም ሳያኮራኝ አልቀረም።

የትምህርቱ ሁለተኛ ክፍል በቀጣዩ ሳምንት መጣ። ጥቅሙ ወደ አሠሪው ሊተላለፍ ይችላል፤ በሥራው ላይ በስም የመጠራት መብት ግን ከሠራው ሰው ጋር ይቀራል፤ አይሸጥም፣ ለሌላም አይተላለፍም። መምህሩ ይህን ሲሉ አርባዎቹ ቅጂዎች ተጠርዘው ግማሾቹ ለየጋራዡ ታድለው ነበር። ከዚያም በላይ፣ በጥንቃቄ ሳስበው፣ የትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍል እንኳ እርስዎን አይመለከትም ነበር። የተቀጠሩት ዕቃ ሊሸጡና መደርደሪያ ሊጠብቁ ነው። የሚሥሉት በምሳ ሰዓትዎ፣ በራስዎ ወረቀት ነበር። እኔ ምስክር ነኝ፤ ማስመሪያውን የምይዝልዎ እኔ ነበርኩ። አባቴ በአጠገባችን ሲያልፍ “ፎቶ አንሳውና ገላግለን” ይልዎት ነበር። እርስዎ ደግሞ ቀና ሳይሉ፣ “ፎቶ ጥላውን ነው የሚያነሳው፤ እኔ የምፈልገው ዕቃውን ነው” ይሉታል። በዚያው ትንፋሽ በር ላይ ለቆመ ደንበኛ፣ “ሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ አራተኛ፤ ግን ለአንተ መኪና አይሆንም” ይላሉ።

የተጠረዘው ቅጂ ሲደርስዎ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ሽፋኑን አዩት። ጠርዙን በአውራ ጣትዎ አጎበጡት። “ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ዘይት ቢነካውም አይበላሽም” አሉና ደንበኛ ሊያስተናግዱ ሄዱ። እኔን ቀለል አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብዳል፦ ቅር እንዳልተሰኙ ቆጠርኩት፤ ምክንያቱም እንዲያ መቁጠር ይመቸኝ ነበር።

ከሦስት ወር ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ሄዱ። “እህቴ ብቻዋን ሆናለች” ነበር ያሉት፤ ይህም እውነት መሆኑን አውቃለሁ። የሄዱት በሽፋኑ ምክንያት ነው የሚል ማስረጃ የለኝም። አይደለም የሚልም የለኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጠለልኩት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። በአባቴ ስም ለድርጅቱ ጻፍኩ፤ የሽፋኑንም ቅጂ አያያዝኩ። ሥዕሎቹን አባቴ ሣለ የሚል ዐረፍተ ነገር በደብዳቤው ውስጥ የለም። አልሣለም የሚልም የለም። የድርጅቱ ጠበቃ ሥርዓት ያለው ሰው ሆኖ አገኘሁት። አልካደም፣ አላስፈራራም። “የተነከሰ የሚለውን ቃል የቴክኒክ ቃል መስሎን ነበር” አለኝ በስልክ። “መሐንዲሶቻችን ስለ ጥቅሙ ሁለት ስብሰባ ተቀምጠውበታል።”

ያቀረበው ሐሳብም ፍትሐዊ ነበር። አዲሱ ካታሎግ በሰኔ መጨረሻ ይታተማል። የሥዕሎቹ ባለቤት በውል ከፈቀደና ተገቢው ክፍያ ከተፈጸመለት፣ ሥዕሎቹ ከነስሙ፣ በጥሩ ወረቀት፣ በመጀመሪያው ክፍል ይወጣሉ። ካልፈቀደ ድርጅቱ ሥዕሎቹን አውጥቶ ፎቶግራፍ ይተካል። ሁለቱም መንገድ ሕጋዊ ነው።

ይህ ለአባቴ ምን እንደነበረ ሊገነዘቡልኝ እወዳለሁ። ሰባ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። በመስከረም ሱቁን ለሌላ ሰው ያስረክባል። ያቺ ሱቅ ከነመደርደሪያዋ የሌላ ከሆነች በኋላ ለእሱ የሚቀረው ያ ደብተር ነው። ከየካቲት ጀምሮ በየቅዳሜው “የኔ ጠበቃ፣ መጽሐፋችን ከምን ደረሰ?” እያለ ይጠይቀኝ ነበር። “መጽሐፌ” አላለም። ይህን ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

ሰኔ 18 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከድርጅቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ነበር። ጠበቃው ውሉን በሦስት ቅጂ አቀረበለት። አባቴ የሚፈርመውን ነገር እንደ ዕቃ ቁጥር ነው የሚያነበው፤ ጣቱን በየመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። እኔ አስቀድሜ አንብቤዋለሁ። በሁለተኛው አንቀጽ ያለውን ቃልም አይቼዋለሁ። ዝም ያልኩት፣ ለራሴ እንደነገርኩት ከሆነ፣ ቃሉ በእንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ የተለመደ ስለሆነ ነው።

ጣቱ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቆመ።

“‘የሥዕሎቹ ብቸኛ አመንጪ’ ይላል” አለ። “ብቸኛ ማለት ምንድን ነው?”

“ሌላ ሰው የለበትም ማለት ነው፤ የተለመደ አገላለጽ ነው” አለ ጠበቃው።

“እኔ እኮ ብቸኛ አልነበርኩም።”

ጠበቃው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ውሉ አየሁ።

“አንድ ሰው ነበር” አለ አባቴ። “ዕቃውን የማቀርብ፣ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን የምናገር እኔ ነኝ። የሚሥለው እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ባንኮኒ ላይ ቆመናል። እሱ ቀኝ ነው የሚቆመው፤ እኔ ግራ ነኝ።”

ጠበቃው ትሕትናውን ሳይለቅ መለሰ። “ጋሼ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ብቻ ነው። ሕጉ ደግሞ በሥራው ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ አመንጪው ነው ብሎ ይገምታል። ተቃውሞ ያቀረበ ሰው የለም። ለእኛ በቂ ነው።”

የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ተቃራኒውን ሊያረጋግጡ የሚችሉት በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አንዱ ብዕር ይዞ ተቀምጧል፣ አንዷ ከጎኑ ናት፣ አንዱ ደግሞ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ጉዳይ ፈጽሞ አልሰሙም። ማንም አያውቅብንም ነበር።

አባቴ የብዕሩን ክዳን መለሰበት። “ለሁለተኛ ሰው የሚሆን መስመር አለው?”

“በዚህኛው ውል ላይ የለውም። ሌላ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰውየው ተገኝተው መፈረም አለባቸው፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ከዚህ ሳምንት አያልፍም።”

“እንግዲያውስ ፎቶውን አስገቡ” አለ አባቴ። “ጎማዋን ግን ስታነሱ ያልተነከሰችውን አንሱ። ሰው እየተሳሳተ ነው።”

ጠበቃው ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ፤ ተጨባብጠው ተለያዩ። አሳንሰር ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም ነገርኩት፤ መምህሩን፣ ኮምፒውተር ክፍሉን፣ ባዶ የነበረውን ቦታ። በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሳንወርድ ወደ አምስተኛ ፎቅ ተመልሰን ወጣን።

“አንቺ ነሽ?” አለኝ።

“እኔ ነኝ።”

“እኔ እኮ ስሙን ከእኔ ስም ጋር ማየት የጠላ መስሎኝ አሥራ ሁለት ዓመት ስቀየመው ኖርኩ።”

“እሱም አንተ ያስቀረኸው መስሎት ይሆናል።”

“ይሆናል” አለ፤ ድምፄን አስመስሎ። “ያከራክራል።” ከዚያ እንደዚያ ቅዳሜ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አሳንሰሩ ውስጥ የገቡ ሁለት ሴቶች ወደ ጥግ ተጠጉለት። “ስንት ሰው አለ፣ ልጁ ገንዘቡን የምታጠፋበት” አለ እንባውን እየጠረገ። “የኔ ልጅ ጓደኛዬን አጠፋችብኝ፤ ያውም ተምራ። በይ ነይ ምሳ ጋብዢኝ።”

ያን ዕለት ብዙ በላ። ስለ እርስዎም ብዙ አወራ። ኀዘን ላይ ያለ ሰው አይመስልም ነበር። ከረጅም ጊዜ በኋላ ምላሱ ላይ የቆየ ስም የተመለሰለት ሰው ይመስል ነበር።

ስልክዎን ያገኘሁት ከቀድሞ አከራይዎ ነው። ስደውል እህትዎ አነሱት።

“ማን ልበል?” አሉ።

“የባለ ሱቁ ልጅ ነኝ።”

“ባለ ሱቅ መዓት ነው የኔ ልጅ፤ የቱ?”

“የመኪና መለዋወጫው።”

“እ...” አሉ ቀስ ብለው፣ “ማስመሪያ የምትይዘዋ።” ከዚያ ጆሮዎ ለስልክ እንደማይመች፣ ብጽፍልዎ ግን በጥንቃቄ እንደሚያነቡት ነገሩኝ። “እዚህም ይሥላል” አሉኝ። “የማድ ቤቴን ዕቃ አንድ በአንድ ሥሎ ጨረሰው። ባለፈው እጀታው የተሰበረውን ጀበናዬን ከነስብራቱ ሥሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለብኝ። እንግዳ ሲመጣ እኔ አፍራለሁ።” ይህን ሲሉ ግን የሚያፍሩ አይመስሉም ነበር።

አሁን ያለንበትን ሁኔታ ልግለጽ። የድርጅቱ ካታሎግ በፎቶግራፍ ታትሞ ወጥቷል። ሥዕሎቹ የሉበትም። በመስከረም አባቴ ሱቁን ሲያስረክብ መጽሐፉ ባንኮኒው ላይ አይኖርም፤ ይህን አውቆ የመረጠው ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ግን በሳምንቱ በራሱ ተነሳሽነት ደውሎ አዲስ ውል ላከልን። በዚህኛው ውል ላይ ሁለት አመንጪዎች ተመዝግበዋል፤ ሁለት የፊርማ መስመርም አለው። የእርስዎ ስም ቀድሞ ነው የተጻፈው፤ ይህን የጠየቀው አባቴ ነው። ሁለታችሁም ከፈቀዳችሁ ሥዕሎቹ በሚቀጥለው እትም ይወጣሉ፤ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አባቴ “ሁለት ዓመት ምን አላት፣ እንጠብቃታለን” ይላል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስቱን ቅጂዎች ልኬያለሁ።

መፈረም ግዴታዎ አይደለም። ሥዕሎቹ የእርስዎ ናቸው፤ ለማንም ላለመፍቀድ ሙሉ መብት አለዎት፤ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅብዎትም። ደግሞም እኔ የአባቴ ጠበቃ ስለሆንኩ እርስዎን በዚህ ውል ላይ ማማከር አልችልም፤ ከመፈረምዎ በፊት ሌላ የሕግ ባለሙያ እንዲያዩት እመክራለሁ። ይህን የጻፍኩት የሙያዬ ግዴታ ስለሆነ ነው። ግዴታዬ ያልሆነው ደግሞ ይህ ነው፦ ስምዎን በመተዌ በድዬዎታለሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት በዝምታዬ ደግሜ በድዬዎታለሁ። ይቅርታ ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል። ባያደርጉልኝም ይህ ደብዳቤ መጻፍ የነበረበት ደብዳቤ ነው።

አባቴ ሰላም ብሎዎታል። ቃል በቃል ያለው፣ “ቀኝ በኩል ያለው ቦታ ላይ ማንም አልቆመም በይው፤ ደንበኛ ሲበዛ እንኳ እኔ ነኝ ወዲያና ወዲህ የምለው” ነው። እኔም በበኩሌ ለእርስዎም ለእህትዎም ጤና እመኛለሁ። መልስዎ ምንም ይሁን ምን፣ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ በሰባት ቀን ውስጥ እንደምጽፍልዎ ቃል እገባለሁ።

ሰኔ 18 ቀን በቀረበልን ውል ላይ አባቴ አልፈረመም፤ እኔም እንዲፈርም አልጠየቅሁትም።

አክባሪዎ፣
የባለ ሱቁ ልጅ